ጥቆማ፦ ሞተር ለተቀየረላት ኮሮላ አዳማ ላይ ምን ጎማ፣ ምን ቸርኬ?

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። «ሞተር ቀየርኩ፣ መኪናዋንም ዝቅ አደረግኳት፤ አሁን ስነሳ ጎማው ቦታው ላይ ይሽከረከራል። አዳማ ውስጥ ምን ልግዛ? የት ላስገጥም?» አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ኮሮላ ወይም ቪትዝ ስለሆነ በእነሱ ልኬት አወራለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ብሩ ውስን ከሆነ ቸርኬውን ተዉትና ጎማው ላይ አውጡት። 17 ኢንች ቸርኬ ላይ ርካሽ ጎማ ያሰረች መኪና ፎቶ ላይ ታምራለች። አሰላ መንገድ ላይ ዝናብ ሲመጣ ግን ጉዷ ይታያል።

ቪትዝም ሆነች ከ1987 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ኮሮላዎች በአብዛኛው የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄድና ፊቱ ይቀላል። ጉልበቱ የሚወጣው ደግሞ በዚያው በቀለለው በኩል ነው። 1.3 ሊትር ሞተር አውጥታችሁ 1.6 ስታስገቡ ፋብሪካው ያሰበላት ቀጭን ጎማ አይችለውም። የድሮዋን ኮሮላ፣ ኬኢ 70 ዲኤክስ ያላችሁ በኋላ ጎማ ስለሆነ የምትነዱት፣ የእናንተ ነገር የተገላቢጦሽ ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔው ጎማ ማስፋት ይመስለዋል። ማስፋት ይረዳል፣ ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። በተመሳሳይ ንፋስ ሰፊው ጎማ መሬት የሚነካበት ቅርጽ ይቀየራል እንጂ ስፋቱ ያን ያህል አይጨምርም። ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የላስቲኩ ልስላሴ ነው። ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ደግሞ ሰፊ ጎማ ከቀጭኑ ቀድሞ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

ልስላሴውን እንዴት እናውቃለን? ብዙ ጎማ ጎኑ ላይ «ትሬድዌር» የሚል ቁጥር አለው። ወደ 200 የሚጠጋው ለስላሳ ነው፤ መሬት ይቆነጥጣል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከ400 በላይ ያለው ብዙ ይሄዳል፣ ላስቲኩ ግን ደረቅ ነው። የዮኮሃማው አድቫን ኒዮቫና የብሪጅስቶኑ ፖቴንዛ አርኢ 71 በ200 አካባቢ ያሉ ናቸው። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ግን አልመክራቸውም። የአዳማ ፀሐይና ኮብልስቶን ሳታዩት ይጨርሳቸዋል። 300 አካባቢ ያለ ጎማ ብታገኙ ለእኛ መንገድ ልኩ እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ያዙ፦ ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ብራንድ 300 ከሌላው 300 ጋር አታወዳድሩ።

ከቁጥሩ አጠገብ «ትራክሽን» የሚል ደረጃ አለ። ድርብ ኤ ከሁሉ ይበልጣል፣ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይላል። የሚለካው በእርጥብ መንገድ ላይ በቀጥታ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። ኩርባን አይመለከትም። ቢሆንም ከኤ በታች አትግዙ።

ወደ ብራንድ እንምጣ። ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ፣ ቶዮ፣ ዳንሎፕ ካገኛችሁና አቅም ካለ አታመንቱ። ለእኔ የብሩን ዋጋ በደንብ የሚመልሱት ግን የኮሪያዎቹ ናቸው፤ ሃንኩክና ኩምሆ። ከቻይና ሳይሉን፣ ሊንግሎንግና ትራያንግል ስም ያላቸው ፋብሪካዎች ናቸው። በደረቅ መንገድ ብዙም አይታሙም፣ በእርጥብ ላይ ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያሉ። ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ጎማ ጉልበት ለተጨመረባት መኪና አላስርም። ያገለገለ ጎማ? ለስኮርታ ይሁን። ጥርስ የተለበጠበት ጎማ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጭራሽ አይነሳ።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ጎማ ያረጃል፣ ሳይነዳበትም ይደርቃል። አዳማ ላይ ደግሞ ጎማ ከሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ጎኑ ላይ «ዶት» የሚለውን ፈልጉና የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ። 2322 ካለ በ2022 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ከታሰረ ጎማ ላይ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊሆን ይችላል፤ አጎንብሳችሁ እዩ። ዓመቱ በፈረንጅ መሆኑን ደግሞ አትርሱ። አንድ ጓደኛዬ መጨረሻው 14 የሆነ ጎማ «የ2014 ነው፣ ትኩስ ነው» ተብሎ ሊሸጥለት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጎማው የ2006 ነው! ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው። ሻጩ ይወቀው አይወቀው እንጃ።

ቸርኬ ላይ አጭር ልሁን። ቪትዝና እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ያሉት ኮሮላዎች ባለ 4 ቡሎን ናቸው፤ የቡሎኖቹ ክብ 100 ሚሊ ሜትር፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ነው። የመሃሉ ቀዳዳ ሰፊ የሆነ ቸርኬ ከገዛችሁ ማስተካከያ ቀለበት አስገቡ፤ ያለዚያ ፈጣን መንገዱ ላይ መሪው ሲንቀጠቀጥ ባላንስ ነው እያላችሁ ትደክማላችሁ። ኬኢ 70 ደግሞ የቡሎን ክቧ 114.3 ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አትቀያየርም።

መጠኑ 15 ኢንች ይብቃ። መነሻችሁ 175/65/14 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች) ከሆነ ሙሉ ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ነው። 185/55/15 ብታስሩ 584.5 ይመጣል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አይዋሽም። 195/50/15 ደግሞ 576 ነው፤ እሱም ይሄዳል፣ ቸርኬው ግን ከ5.5 እስከ 7 ኢንች ስፋት ይኑረው። 16 እና 17 ይከብዳሉ። ከባድ ቸርኬ ኮብልስቶን ላይ ይዘላል፣ በዘለለ ቁጥር ደግሞ ጎማው መሬት ይለቃል። ቀላል አሎይ (የአሉሚኒየም ቸርኬ) ከተገኘ እሰየው፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ብትመርጡም ስንጥቅና የብየዳ ምልክት ፈልጉ። ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ የተበየደ አሎይ በነፃም አልወስድም። የብረት ቸርኬ ከተጣመመ ይቀናል፣ አሎይ ግን ይሰነጠቃል።

«ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ቀለበት) ልጨምር?» ላላችሁኝ፦ ለዚህ ችግር አይረዳም። ቤሪንጉን ይጫነዋል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን መፋቅ ይጀምራል።

አገልግሎቱን ደግሞ ለይተን እንይ። አዳማ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች ጎሚስታ አይጠፋም። ለመለጠፍ መንገድ ዳር ያሉትን የሚያህል የለም፤ ፈጣንና ርካሽ ናቸው። ፕሮፋይሉ (የጎኑ ቁመት) አጭር የሆነ ጎማ አሎይ ላይ ሲገባ ግን በብረት መፈልቀቂያ አታስነኩት። ቸርኬው ይቧጠጣል፣ የጎማውም ከንፈር ይጎዳል። ለዚህ የማውጫ ማሽን ያለበት ቤት ሂዱ። ባላንሱንም እዚያው ጨርሱ።

ንፋስ ሌላ ጣጣ ነው። ከባድ መኪና የለመደ ጎሚስታ ለቤት መኪና 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) መሙላት ምንም አይመስለው። ብዙ ንፋስ ጎማውን መሃሉ ላይ ብቻ ያቆመዋል። የመኪናዋ በር ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡና ጠዋት ሳትነዱ አስሞሉ። ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ቆንጥጦ እንዲይዝ ብላችሁ ከተጻፈው በታች አውርዳችሁ ወደ አዲስ አበባ አትውጡ፤ በፈጣን መንገድ ላይ ጎማው ይግላል።

መኪናዋ ዝቅ ካለች በኋላ በኮምፒውተር የሚሠራ አላይመንት ግዴታ ነው። ከሥራ በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት በወረቀት ጠይቁ። «እኔ በዓይኔ አያለሁ» የሚል ባለሙያ ለታክሲ ይበቃ ይሆናል። ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብሉበት ልክ) ከተዛባ ግን አዲሱ ጎማ የውስጥ ጠርዙ ሙልጭ እስኪል አታውቁም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ነበር፤ «ብሩ ለሁለት ብቻ ነው የሚበቃው፣ ለስላሳዎቹን ፊት ላስር?» በፊት ጎማ ለሚጎተት መኪና መነሳቷ ይሻሻላል፣ እውነት ነው። ኋላ ያለው ግን ደረቅና ያለቀ ከሆነ በዝናብ ወደ አዋሽ ወንዝ በሚወርደው ኩርባ ላይ የሚሸሸው ኋላዋ ነው። ኋላዋ የሸሸች መኪና ደግሞ ለመመለስ ከባድ ናት። ስለዚህ አራቱንም አንድ ዓይነት እስክታሟሉ ጠብቁ፤ እስከዚያ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ሌላ መኪና ያላችሁ ሞዴሉንና አሁን ያሰራችሁትን የጎማ ቁጥር ጻፉልኝ፣ ልኬቱን አስልቼ እመልሳለሁ።