የአክሱም ሳንቲም ላይ ያለው ጨረቃ የማን ነው? መስቀሉ ሲመጣስ ሕዝቡ አብሮ ተቀየረ?

ቀበና ማዶ
ሰላም ለዚህ ቤት። ብሔራዊ ሙዚየም ገብቼ ሰው ሁሉ ሉሲ ጋ ሲጋፋ እኔ የአክሱም ሳንቲሞች ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ትንንሾች ናቸው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም። የቀደሙት ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ነገር አለ። በኋላ የመጡት ላይ ደግሞ እዚያው ቦታ መስቀል ገብቷል። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ይኸው ጨረቃ፣ እስልምና ነው» አለ። ሌላው ተቀብሎ «ኢዛና ሲጠመቅ አገሩ ሁሉ በአንዴ ተጠመቀ ማለት ነው» ብሎ ደመደመ። ሁለቱም አልተዋጡልኝም፣ ግን ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ከእንዲህ ያለች ጥቃቅን ነገር ተነስቶ የአንድ ሕዝብ እምነት ይታወቃል ወይ? ለስድብ የመጣችሁ እለፉኝ በናታችሁ።

ድንጋይ አንባቢ
እስልምናውን በቀላሉ እንዝጋው። ሳንቲም ማስቀረጽ የጀመረው ንጉሥ እንዱቢስ ነው፣ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ (ሁሉንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የእስልምና ዘመን አቆጣጠር መነሻ የሆነው ሂጅራ 622 ነው። ከ300 ዓመት በላይ ልዩነት አለ፣ ስለዚህ ጓደኛህ ሻይ ይጋብዝህ።

ጨረቃና ክቡ ከእንዱቢስም በጣም ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ትግራይ ውስጥ የሓ እና ሐውልቲ በሚባሉ ቦታዎች አካባቢ በነበሩት የመሥዋዕት ድንጋዮች ላይ ይኸው ምልክት አለ። ያኔ በአካባቢው በሰፊው የሚመለከው አልመቃህ ነበር፣ ቀይ ባሕር ማዶ የሳባ ሰዎችም የሚያመልኩት። ሐውዜን አጠገብ አንዛ የሚባል ቦታ የቆመ ሐውልትም አለ፣ ጨረቃና ክብ ተቀርጾበታል። ባዛት የሚባል የአጋቦ ንጉሥ ነው ያስቆመው። ጽሑፉ ሠራተኛው በስንት ቀን እንደጨረሰና ምን እንደተጋበዘ ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከ500 በላይ ጋን ጠላና ከ20 ሺህ በላይ ዳቦ! ሰው ስለ አምላኩ ሊነግረን ያቆመው ድንጋይ ስለ ድግሱም ነገረን።

ግን አንድ ምልክት ስላየን አንድ አምላክ ነው ማለት አንችልም። የአክሱም ነገሥታት ጊዜ ሲደርስ ጽሑፎቹ የሚጠሩት አስታር፣ ምድር፣ ማሕረም የሚባሉ አማልክትን ነው። ኢዛና ከመጠመቁ በፊት ራሱን «የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ» ብሎ አስጽፏል፣ በግሪክኛው ቅጂ ደግሞ የጦርነት አምላክ በሆነው በአሬስ ተክቶታል። ጨረቃዋ ግን ያው ጨረቃ ናት፣ ከአልመቃህ ዘመን እስከ ማሕረም ዘመን አልተለወጠችም። ሳንቲሙ ላይ ደግሞ የአምላክ ስም አልተጻፈም።

ፍሬ ከናፍር
ስለ ጨረቃው ተስማምቻለሁ። ስለ መስቀሉ ግን ነገሩን አታሳንሱት። ፍሬምናጦስ፣ የእኛ አቡነ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን፣ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ የመጣ ሰው ነው። ይህ የአፍ ወሬ ብቻ አይደለም። የሮሙ ቄሣር ቆስጠንጢዮስ በ356 ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና «ፍሬምናጦስን መልሱልኝ» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካስቀረጹ የዓለም ነገሥታት መካከል ኢዛና ከመጀመሪያዎቹ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው ወገኖቼ።

ደግሞ ሐውልቶቹን እዩ። ትልቁ 33 ሜትር፣ ከ500 ቶን በላይ፣ 13 ፎቅ ያለው ቤት መስሎ የተቀረጸ። ሥሩ ላይ የማይከፈት በር አለው። በአንዳንዶቹ ሐውልቶች እግር ሥር በተነጠፉት ድንጋዮች ላይ ደግሞ እንደ ሳህን የተፈለፈሉ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፣ ለሙታን መሥዋዕት የሚፈስባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ክርስትና ከገባ በኋላ ግን እንዲህ ያለ ሐውልት ማቆም ቀረ። ለሙታን ቤት የሚሠራው እጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞረ። ያ የአክሱም የመስኮትና የእንጨት አሠራር ደብረ ዳሞ ላይ አለ፣ ላሊበላ ቤተ አማኑኤል ላይ በዓለት ተፈልፍሎ አለ። እምነት ባይለወጥ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል?

ድንጋይ አንባቢ
እምነቱ አልተለወጠም ማን አለ? ጥያቄው የማን እምነት፣ መቼ፣ የሚል ነው። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው።

ወርቁን ሳንቲም እንያዝ። ጽሑፉ ግሪክኛ ነው። ለምን? አዱሊስ ወደብ ላይ ከሮማውያንና ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር የሚገበያየው እሱ ስለሆነ። የመን ውስጥ አል መዳሪባ በሚባል ቦታ በአንድ ላይ ተቀብሮ የተገኘ የወርቅ ክምችት አለ፣ ከ800 በላይ የሚሆነው የአክሱም ሳንቲም ነው። እዚህ ለገበሬው የሚደርሰው ወርቅ አልነበረም። እና በወርቁ ላይ የተቀረጸው መስቀል መጀመሪያ የሚናገረው ለማን ነው? ለቁስጥንጥንያ፣ ለእስክንድርያ። «እኛም ከእናንተ ጋር ነን» ነው ነገሩ።

የድንጋይ ጽሑፎቹም እንዲሁ ናቸው። በ1969 የተገኘው የኢዛና ግሪክኛ ጽሑፍ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። በግዕዙ ግን ያው ንጉሥ «እግዚአ ሰማይ»፣ የሰማይ ጌታ፣ ብሎ ያልፋል። የሰማይ ጌታ ሲባል ክርስቲያኑም አሜን ይላል፣ አይሁዳዊውም አይከፋውም፣ የድሮ አማልክቱን ያልተወውም ሰው የራሱን ያስባል። ንጉሡ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነበር። ምልክት የሌላቸው የብር ሳንቲሞችም አሉ፣ ጨረቃም የለ መስቀልም የለ። እነሱን ብዙ ባለሙያዎች የመሸጋገሪያው ጊዜ ናቸው ይላሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው እነዚህን ባዶዎቹን ነው።

የሕዝቡን ነገር ማየት የፈለገ ነሐሱን ይመልከት። ገበያ ውስጥ የሚዘዋወረው እሱ ነው። ከኢዛና በኋላ በወጡት ነሐሶች ላይ መስቀሉ ከጠርዝ ወርዶ መሀል ይገባል፣ ትልቅ ሆኖ። ዙሪያውን «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በአንዳንዶቹ ላይ መስቀሉ ያለበት ክብ በስስ ወርቅ ተሸፍኗል። አስቡት፣ በጣም ርካሽ በሆነው ሳንቲም ላይ በእጅ የተለጠፈ ወርቅ! በዚያ ዘመን ይህን ያደረገ ሌላ አገር የለም። ለባዕድ ሳይሆን ለራስ ሰው ነው እንዲህ የሚደከመው። እንግዲህ ስብከቱ ወደ ሰፈር የወረደው እዚህ ጋ ነው፣ እሱም ቢሆን የቤተ መንግሥት ስብከት ነው።

ጎረምሳው 77
ይቅርታ፣ ንጉሡን ግራና ቀኝ ያቀፈው አዝመራ ምንድነው? ጤፍ ነው በሉኝና ቀኔ ይመር።

ድንጋይ አንባቢ
ስንዴ ወይም ገብስ ነው ወንድሜ። ጤፍ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ግን ልብ በል፣ ያ ዘለላ ጨረቃው ሲሄድ አልሄደም። ከእንዱቢስ ጀምሮ አለ፣ በክርስቲያኖቹ ነገሥታትም ዘመን አለ። ንጉሥ ማለት አዝመራ የሚያበላ ነው፣ ያኛው ሐሳብ ሃይማኖት ሲቀየር አልተነካም።

እንስራ ተሸካሚ
ሴት ልጅ ትናገር እስኪ። ሁላችሁም ንጉሥ፣ ንጉሥ፣ ንጉሥ። ሳንቲም የንጉሥ አፍ ነው፣ ሐውልትም የንጉሥ መቃብር ነው። ተራው ሰው ምን ያምን እንደነበር ከንጉሥ አፍ ትሰማላችሁ እንዴ? ሸክላውን እዩ።

ከአክሱም መቃብሮች የወጡ ገንቦዎች አሉ፣ አንገታቸው የሴት ራስ ሆኖ የተሠራ። ፊቷ ክብ፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ፀጉሯ ከግንባር እስከ ማጅራት በቀጫጭን ጉንጉን ተሠርቶ ከታች የሚበተን። ይህን ሹሩባ ዛሬም ትግራይ ውስጥ በሠርግና በአሸንዳ ታዩታላችሁ። ማንም ንጉሥ በአዋጅ አላስጎነጎነውም፣ ማንም ጳጳስ አላስቆመውም። መሀሉ ላይ በቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ከጭቃ ተሠርተው የቆሙበት ጎድጓዳ ሳህንም አለ። ለምን እንዳስቀመጡት ልብ ወለድ አልፈጥርም፣ ግን የሚያርስ ሰው ለሚያርስ ሰው እንደሠራው ግልጽ ነው።

የመስቀሉንም ነገር የሚነግሯችሁ እነዚሁ ሸክላዎች ናቸው። በኋለኞቹ የአክሱም ዘመናት፣ 5ኛውና 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ፣ መስቀል የተጫረባቸው ወይም የታተመባቸው ሳህኖችና ገንቦዎች ይበዛሉ። ማድ ቤት የገባው ያኔ ነው። ከኢዛና በኋላ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ትውፊታችንም ዘጠኙን ቅዱሳን የሚያመጣቸው በዚያው ጊዜ ገደማ ነው፣ አባ አፍጼ የድሮው ቤተ ጣዖት ባለበት የሓ ላይ ገዳም መሠረቱ የሚባለውም። ስለዚህ ቀበና ማዶ፣ ለጓደኛህ «በአንዴ አይደለም» በለው። ቤተ መንግሥቱ ቀደመ፣ ማድ ቤቱ ተከተለ።

ፍሬ ከናፍር
እህቴ ይህን አልክድም። ግን ሸክላ ላይ መስቀል ስለሌለ ቤቱ ውስጥ ጸሎት የለም ማለትም አይደለም። አያቴ በጠላ ጋን ላይ ምንም ሥዕል አልነበራትም፣ ሌሊት ተነስታ ግን ትሰግዳለች።

እንስራ ተሸካሚ
እሱ እውነት ነው። እኔ የምለው ሲበዛ ካየን ነገሩ የሁሉም ሆኗል ማለት ነው፣ አለመኖሩ ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም።

የሶዶ ልጅ
ሁላችሁም ታድላችኋል፣ ጽሑፍ አላችሁ። እኛ ጋ ኑና ትያን አንብቡ። 36 ትክል ድንጋይ፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ። ሰይፍ አለ፣ ክብ አለ፣ ቅጠል ወይም ተክል የሚመስል አለ። አንድም ፊደል የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እያንዳንዱ ሰይፍ የገደለው ጠላት ብዛት ነው» ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ሰውም ፎቶ ያነሳል። ግን ድንጋዩ አይደለም ይህን የተናገረው፣ እኛ ነን።

ቁፋሮው ግን የተናገረው አለ። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ነው ያለው፣ ሰዎቹ እግራቸውን ሰብስበው እንደ ሕፃን ተጣጥፈው የተቀበሩ፣ አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወጣቶች፣ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። እንግዲህ ሰይፍ፣ ወጣት ሬሳ፣ በአንድ ቦታ። ጦርነት ነው ለማለት ምላስ ያሳክካል። እኔም ወደዚያ አዘነብላለሁ፣ አልዋሽም። ሰይፎቹ ግን የማዕረግም ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። አጥንቱ ዕድሜውን ነገረን፣ ሥዕሉ ግን ያለ ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው።

ቀበና ማዶ
እናንተ ሰዎች ዕድሜ ይስጣችሁ። ጓደኛዬን ላክሁለት፣ ሻዩን እምቢ ብሏል። አንድ ነገር ልጨምር፤ አክሱም የሄደ ዘመዴ ልጆች ከዝናብ በኋላ ከእርሻ ላይ የሚለቅሟትን ሳንቲም ሊሸጡለት እንደነበር ነገረኝ። ነሐስ፣ መስቀል ያለባት። ልግዛ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ብንገዛና ብናስቀምጣት ከመጥፋት ማዳን አይደለም?

ድንጋይ አንባቢ
አይግዛ። አንደኛ ሕገ ወጥ ነው፣ በሻንጣ ይዞ ኤርፖርት ላይ ቢገኝ ጣጣ ነው። ሁለተኛ ደግሞ እዚህ ስናወራ የዋልነው ሁሉ የተገኘው ነገሩ ከየት እንደወጣ ስለታወቀ ነው። የመኑ ክምችት የመን ውስጥ ባይገኝ ወርቁ ባሕር መሻገሩን በምን እናውቃለን? ያቺ ነሐስ የወጣችው ከገበያ ቦታ ነው፣ ከመቃብር ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ነው? ኪስ ከገባች በኋላ አይታወቅም። በተገዛች ቁጥር ደግሞ ልጆቹ ከመልቀም ወደ መቆፈር ይሄዳሉ። ዘመድህ ልጆቹ እርሻውን እንዲያሳዩት ይጠይቅና ቦታውን እዚያው ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለሙዚየሙ ሰዎች ይንገር።

እንስራ ተሸካሚ
ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይግዛላቸው። አጠገቧ የሸክላ ስባሪ ካለም እንዳይነኩት ይንገራቸው፣ እሱን ማንም አይገዛቸውም ብለው ይጥሉታል።