ቢልዱ በድንገት ቀይ ሆነብኝ፣ ምንም አልነካሁም! ነገ ጠዋት ስልጠና አለኝ

ፊደል_ለቃሚ · ማታ 3፡50
እባካችሁ ድረሱልኝ። የአማርኛ ፊደል ማረሚያ ፓኬጄ ቢልድ (ኮዱን ሰርቨር ላይ ገንብቶ መፈተሽ) አልሆንም አለ። ባለፈው ወር አረንጓዴ ነበር። ዛሬ አንድ ልጅ መዝገበ ቃላቱ ላይ አርባ ቃል ጨምሮ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበዪኝ የሚል ጥያቄ) ላከልኝ፣ ቢልዱ ሲሮጥ ቀይ። የሱ ጥፋት መስሎኝ የድሮውን ኮሚት (ቀድሞ የተቀመጠውን ኮድ) እንደገና አስኬድኩት፣ እሱም ቀይ! ምንም አልነካሁም። ላፕቶፔ ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሰራል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 30 ተማሪዎች ፓኬጁን ጭነው ሊለማመዱበት ነው። ቢልዱ ካላለፈ አዲሱ ቨርዥን ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች የሚወርዱበት መደብር) ላይ አይወጣም። ምን ላድርግ?

የጎተራ_ልጅ · 3፡53
ወንድሜ የኖድ ሞጁልስ ፎልደሩን (የወረዱት ፓኬጆች ያሉበትን) ደምስሰህ እንደገና ኤንፒኤም ኢንስቶል በል። ሁሌም የሚሰራልኝ እሱ ነው።

ፊደል_ለቃሚ · 3፡54
እህትህ ነኝ። የሚበላሸው ሰርቨሩ ላይ ነው። እዛ ሁልጊዜ ከባዶ ነው የሚጀምረው። ምኑን ልደምስስ?

ሽሮ_ስክሪፕት · 3፡55
ጠበል አስጠምቂው። ሰባት ቀን፣ በባዶ ሆድ።

ቡና_በጀበና · 3፡59
ኤረሩን ሳታሳዪን እንዴት እንርዳሽ? ሐኪም ጋ ሄደሽ "አሞኛል" ብቻ ብለሽ ዝም እንደማለት እኮ ነው። ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው የኖድ ቨርዥን ስንት ነው? ቢልዱ የሚሮጠው ምን ማሽን ላይ ነው? ፓኬጁ ንጹህ ጃቫስክሪፕት ነው ወይስ ሲ ፕላስ ፕላስ አለበት?

ፊደል_ለቃሚ · 4፡06
ይቅርታ። መብራት ሄዶ በስልክ ነው የምጽፈው፣ ኮፒ ማድረግ አልቻልኩም። እያየሁ ልጻፈው፦ "ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር፣ ኖ ሞጁል ኔምድ ዲስትዩቲልስ"። ከሱ ቀጥሎ "ጂፕ ኤረር" የሚል ሃያ መስመር አለ። ኖድ 16 ነው። ውስጡ ሀንስፔል አለ፣ ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስ ፊደል የሚያርሙበት ማለት ነው። እሱ ሲ ፕላስ ፕላስ ስለሆነ ፓኬጁ ሲጫን ኮምፓይል ይደረጋል (ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀየራል)። ማሽኑ ኡቡንቱ ነው።

ጋሼ_ሊኑክስ · 4፡12
ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም። በማርች 2016 "ሌፍት-ፓድ" የሚባል ፓኬጅ ባለቤቱ ተናዶ ከኤንፒኤም ላይ አነሳው። 11 መስመር ኮድ ናት። ስራዋ ጽሑፍ ግራ በኩል ላይ ክፍተት መሙላት ብቻ። በሷ የተነሳ የስንቱ ፕሮጀክት ቢልድ ወደቀ፣ ባቤልን የሚያህል ታዋቂ የጃቫስክሪፕት መሳሪያ ሳይቀር። ፓኬጇ እስክትመለስ ሁለት ሰዓት ያህል ሰው ጸጉሩን ሲነጭ ነበር። ለምን? ማንም ከታቹ ምን እንዳለ አያውቅማ!

ስለዚህ መጀመሪያ ሎክ ፋይል ይኑርሽ። እያንዳንዱ ፓኬጅ ከነቨርዥኑ ከነሃሹ (ከነአሻራው) ይመዝገብ። ሰርቨሩ ላይ "ኤንፒኤም ኢንስቶል" ሳይሆን "ኤንፒኤም ሲአይ" በይ። እሱ ሎኩና የፓኬጅ ፋይሉ ካልተስማሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በራሱ ስልጣን አያስተካክልም። ኤክስዜድ የሚባለውን የፋይል ማመቂያም አትርሺ። በማርች 2024 የተገኘው ተንኮል እኮ ጊት ላይ ያለውን ኮድ ብቻ ያነበበ አያገኘውም ነበር። ቀስቃሹ መስመር የተደበቀው ለማውረጃ በተዘጋጀው ታርቦል (የታሸገ ፋይል) ውስጥ ነው። አንድ መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይበት ተጠራጥሮ ነው የደረሰበት። ግማሽ ሰከንድ! እናንተ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይም "ኔትወርክ ነው" ትላላችሁ።

ፊደል_ለቃሚ · 4፡15
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስረጋጋ ደግሜ አነበዋለሁ። ግን ዛሬ ማታ ምን ልንካ?

የጎተራ_ልጅ · 4፡16
ሎክ ፋይሉንም አብረሽ ደምስሺው።

ጋሼ_ሊኑክስ · 4፡16
አንተ ልጅ!

ፓይተን_ለዘላለም · 4፡19
ዲስትዩቲልስ ማለት ፓይተን ውስጥ የነበረ የፓኬጅ መገንቢያ ነው። "ፒፕ ኢንስቶል ሴትአፕቱልስ" የሚል መስመር ከኤንፒኤሙ በፊት ጨምሪ። ፒፕ የፓይተን ፓኬጅ ጫኚ ነው፣ ሴትአፕቱልስ ደግሞ ዲስትዩቲልስን ይዞልሽ ይመጣል። አለቀ።

ፊደል_ለቃሚ · 4፡27
ጨመርኩት። አሁን ደግሞ ሌላ ኤረር፦ "ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮንመንት"። በነገራችን ላይ ፓኬጄ ኖድ ነው፣ ፓይተን አንድ መስመር የለበትም። ለምንድነው ፓይተን የሚጠይቀኝ?

ፓይተን_ለዘላለም · 4፡28
እንግዲያው "ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ" የሚለውን ፍላግ ጨምሪበት።

ቡና_በጀበና · 4፡36
ስሙ ራሱ "ሲስተሙን ስበር" የሚል ፍላግ! ማሽኑ ከቢልዱ በኋላ ስለሚጣል ምንም አይሆንም፣ እውነት ነው። ግን ልምዱ ላፕቶፕሽ ላይ እንዳይከተልሽ። አዲሶቹ ኡቡንቱዎች በሲስተሙ ፓይተን ላይ በፒፕ መጫን ይከለክላሉ፣ የሲስተሙ ፓኬጆች እንዳይበላሹ ነው። ሴትአፕቱልስን በአፕት (በኡቡንቱ የራሱ ጫኚ) ብትጭኚው ሳይከራከር ይገባል።

አሁን ፓይተን ከየት መጣ ላልሽው። ሲ ፕላስ ፕላሱን ኮምፓይል የሚያደርግልሽ ኖድ-ጂፕ ነው። እሱ ውስጥ ያለው ጂፕ በፓይተን የተጻፈ ነው። ኖድ 16 ይዞት የመጣው ኖድ-ጂፕ የድሮው ነው፣ ዲስትዩቲልስን ይጠራል። ፓይተን ደግሞ በኦክቶበር 2023 በወጣው 3.12 ላይ ዲስትዩቲልስን ጨርሶ አውጥቶታል። ላፕቶፕሽ ላይ አንድ ነገር እዪልኝ። ፓይተኑ ስንት ነው?

ፊደል_ለቃሚ · 4፡38
ባትሪ 19 ፐርሰንት አለው። ቆይ። 3.10.12 ይላል። ኡቡንቱ 22.04 ነው።

ቡና_በጀበና · 4፡40
በቃ፣ እሱ ነው። ሰርቨሩ ላይ 3.12 ሆኗል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · 4፡44
እዚህ ገና ከሰዓት ነው፣ ስራ ላይ ተደብቄ ነው የምጽፈው። ሪፖሽን (የኮድሽን ማከማቻ) ከፍቼ አየሁት። "ምንም አልነካሁም" ያልሽው ላይ አልስማማም። አልነካሽም፣ ግን እንዲነካብሽ ፈቅደሻል። የቢልድ ፋይልሽ ላይ ማሽኑን "ኡቡንቱ ሌተስት" ብለሽዋል። "ሌተስት" የቨርዥን ስም አይደለም፣ "የመጣውን አምጡልኝ" ማለት ነው። ከዲሴምበር 2024 እስከ ጃንዋሪ 2025 ባለው ጊዜ ሌተስት ከ22.04 ወደ 24.04 ተዛወረ። 24.04 ይዞት የሚመጣው ፓይተን 3.12 ነው። የድሮ ኮሚትሽም የወደቀው ለዚህ ነው። ኮዱ የድሮ ነው፣ ወለሉ አዲስ።

ደግሞ ጊትኢግኖርሽ (ጊት እንዲተዋቸው የምትጽፊያቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ፓኬጅ-ሎክን፣ ማለትም ሎክ ፋይሉን፣ አስገብተሽዋል። ምነው?

ፊደል_ለቃሚ · 4፡46
ሰው ፑል ሪኩዌስት በላከ ቁጥር ኮንፍሊክት እየሆነ አሰለቸኝ 🙈

ጋሼ_ሊኑክስ · 4፡47
ይኸው! እኔ ምን አልኩ?

ቡና_በጀበና · 4፡51
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ዛሬ ግን ሎኩ አያድናትም ነበር። ሎክ ፋይል የኤንፒኤም ፓኬጆችን ነው የሚቆልፈው። ፓይተኑን አይቆልፍም፣ ኮምፓይለሩን አይቆልፍም፣ ኡቡንቱውንም አይቆልፍም። ከዛም በላይ የሷ ላይብረሪ ነው። ፓኬጅ-ሎክ ኤንፒኤም ላይ አብሮ አይወጣም፣ ስለዚህ የሚጭነው ሰው ጋ አይደርስም። የሚጠቅመው ሪፖው ላይ ለሚሰሩትና ለሰርቨሩ ነው። ይኑራት፣ ጥሩ ነገር ነው። የዛሬው በሽታ መድኃኒት ግን አይደለም።

ጋሼ_ሊኑክስ · 4፡53
እሺ፣ ይሁን። ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ሰዎች ሶርሱ (ዋናው ኮድ) ብቻ ሳይሆን የተገነባበት አካባቢ ጭምር ይመዝገብ የሚሉት ለዚሁ ነው። የትኛው ኮምፓይለር፣ የትኛው ቨርዥን፣ ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል። ሌላ ሰው በዛው አካባቢ ደግሞ ሲገነባው ባይት በባይት አንድ መሆን አለበት። እንዲያውም በአንድ ወቅት እኔ

ጋሼ_ሊኑክስ · 4፡54
ይቅርታ፣ ሳልጨርስ ላክሁት። ነገ እመለስበታለሁ።

ሽሮ_ስክሪፕት · 4፡55
ጠበሉን እምቢ ካለሽ የባህል መድኃኒት ልስጥሽ። ልጅቱ አዲስ ቤት አልለመድ ካላት ወደ እናቷ ቤት መልሻት። "ኡቡንቱ ሌተስት" የሚለውን አጥፊና "ኡቡንቱ 22.04" ብለሽ ጻፊ። ያቺን የፒፕ መስመር አውጪ። ፑሽ አድርጊና ተኚ።

ፊደል_ለቃሚ · 5፡09
አረንጓዴ!!! ሽሮ፣ ስቀልድብህ የነበርኩትን ይቅር በለኝ። በስልክ ነው ያስተካከልኩት። እናንተ ባትኖሩ አብጄ ነበር።

ሽሮ_ስክሪፕት · 5፡10
የቀለድኩት እኮ እኔ ነኝ።

ቡና_በጀበና · 5፡13
ደስ ይላል። ግን ይሄ ማስታገሻ ነው። 22.04ም አንድ ቀን ይነሳል። ኖድ 16 ድጋፉ ያበቃው በሴፕቴምበር 2023 ነው። ስልጠናው ሲያልፍ ድጋፉ ወዳላበቃ አዲስ ኖድ ውጪ። የቅርቦቹ ይዘውት የሚመጡት ኖድ-ጂፕ ፓይተን 3.12ን ያውቀዋል፣ ዲስትዩቲልስ አይፈልግም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · 5፡15
አትተኚ። ተማሪዎቹ የሚመጡት በምን ላፕቶፕ ነው?

ፊደል_ለቃሚ · 5፡16
አብዛኞቹ ዊንዶውስ ነው። ለምን?

ሲልቨር_ስፕሪንግ · 5፡24
የፈራሁትን። ፓኬጅሽ ሲጫን ኮምፓይል ይደረጋል ብለሻል። ዊንዶውስ ላይ ለዛ ፓይተን ያስፈልጋል፣ የቪዥዋል ስቱዲዮ ቢልድ ቱልስም ያስፈልጋል። እሱ ከነሲ ፕላስ ፕላሱ በጊጋ የሚቆጠር ማውረድ ነው። 30 ልጅ በአንድ ዋይፋይ! ስልጠናው የማውረጃ አሞሌ ሲንፏቀቅ እያዩ ያልቃል። አንቺ የሰርቨሩን ቀይ መብራት ስታጠፊ ነው ያመሸሽው። 30 ቀይ መብራት ክፍል ውስጥ ይጠብቅሻል።

አንድ ጥያቄ። ሀንስፔሉን ከኖድ ጋር ያገናኘሽው በኖድ-ኤፒአይ ነው ወይስ በድሮው መንገድ?

ፊደል_ለቃሚ · 5፡26
በኖድ-ኤፒአይ። አሁን ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · 5፡37
ተረፍሽ። ኖድ-ኤፒአይ ከ2018 ጀምሮ የጸና ነው። አንዴ የተገነባ ፋይል ኖዱ ከፍ ሲል እንደገና ኮምፓይል አይጠይቅም። እንዲህ አድርጊ። የቢልድ ፋይልሽ ላይ ከኡቡንቱው ጎን አንድ የዊንዶውስ ማሽን ጨምሪ፣ ቢልዱን የሚያስኬድልሽ አገልግሎት አለው። "ፕሪቢልዲፋይ" የሚባለው መሳሪያ እዛ ላይ ገንብቶ ውጤቱን "ፕሪቢልድስ" ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥልሻል። ፎልደሩ ከፓኬጁ ጋር አብሮ ይውጣ። የኢንስቶል ትዕዛዙን "ኖድ-ጂፕ-ቢልድ" አድርጊው። እሱ መጀመሪያ ተገንብቶ የተቀመጠ ፋይል ይፈልጋል፣ ካጣ ብቻ ነው ኮምፓይል የሚያደርገው። ኮድሽ ውስጥም ሞጁሉን የምትጠሪበትን መስመር በሱ በኩል አድርጊው፣ ይሄን ሁሉም ይረሳዋል።

ዋይፋዩን ካላመንሽው ደግሞ ቨርዳቾን ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ። የራስሽ ትንሽዬ ኤንፒኤም ማለት ነው። ዛሬ ማታ ፓኬጁን በሱ በኩል አንዴ ጫኚው፣ ጥገኞቹን ሁሉ ያስቀራቸዋል። ነገ ልጆቹ ኢንተርኔት ሳይነኩ ካንቺ ይወስዳሉ። ግን ተጠንቀቂ። ዝም ብለሽ ካስነሳሽው የሚሰማው ራሱን ላፕቶፑን ብቻ ነው። ስታስነሺው አድራሻውን 0.0.0.0፣ ፖርቱን 4873 በይው። ፋየርዎል ካለም ፖርቱን ክፈቺለት።

የጎተራ_ልጅ · 5፡39
ወይም በፍላሽ ስጫቸው። ኖድ ሞጁልሱን ኮፒ አድርገሽ።

ቡና_በጀበና · 5፡41
የሊኑክስ ኖድ ሞጁልስ ዊንዶውስ ላይ? ሲ ፕላስ ፕላሱ እኮ ለሊኑክስ ነው የተገነባው።

የጎተራ_ልጅ · 5፡42
እዛ ሲደርሱ ደምስሰው እንደገና ይጭኑታል።

ፊደል_ለቃሚ · 5፡58
መብራት መጣ!! ሁሉንም ልሞክር። ቡና አፍልቻለሁ። የደረስኩበትን እጽፋለሁ።

ፓይተን_ለዘላለም · በማግስቱ ጠዋት 2፡20
እንዴት ሆነ?

ጋሼ_ሊኑክስ · በማግስቱ ከሰዓት 10፡05
ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ? ትናንት የጀመርኩትን ልጨርስልሽ ነበር። ሶርስ_ዴት_ኢፖክ የሚባል ነገር አለ። ፋይል ውስጥ የሚገባው ቀን በየቢልዱ እንዳይቀያየር ነው። ፍላጎት ካለሽ ንገሪኝ፣ በሰፊው እጽፈዋለሁ።

ሐምራዊ_ባግ · ከ12 ቀን በኋላ
ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ያ ስልጠና ላይ ነበርኩ፣ ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። አስተማሪያችን ችግር ሲገጥማችሁ እዚህ ጠይቁ ብላን ነው። "ፀሐይ" ብዬ ስጽፍ ዝም ይላል፣ "ጸሀይ" ስል ግን ስህተት ነው ይለኛል። ይሄም የፓይተን ነው?

ሽሮ_ስክሪፕት · ከ12 ቀን በኋላ
እሱ የግዕዝ ነው። ሌላ ፖስት ክፈቺለት፣ ጋሼ ሳይመጡ።