ውሻው ገመድ ሲጎትት፦ የደረት ማሰሪያ ይሻላል ወይስ የአፍንጫ ልጓም?

እሙዬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻው 14 ወር የሞላው ወንድ ድቅል ነው፤ 32 ኪሎ ይመዝናል። ከበር ከወጣ ጀምሮ ገመዱን ወጥሮ ነው የሚሄደው። ተራው የአንገት ማሰሪያ ያስለዋል። ቀለበቱ ጀርባ ላይ የሆነ የደረት ማሰሪያ (ሃርነስ) ሲደረግለት ጭራሽ ባሰበት። አሁን ያለው ቀለበቱ ደረቱ ላይ የሆነ ነው፤ ሦስት ሳምንት ያህል ሠርቶ ነበር፣ ከዚያ ወደ ጎን እየተጣመመም ቢሆን መጎተቱን ቀጠለ። ብብቱ ሥርም ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው ቀልቷል። ገመዱ ከእጀታው ውስጥ እየተተረተረ የሚወጣው ባለ 5 ሜትሩ ነው።

ዕቃውን ልቀይር ወይስ አያያዜን? አፍንጫው ላይ የሚታሰረው ልጓም መሰል ነገርስ ያሠቃየዋል? ባለጥርሱን የብረት ማሰሪያ የሚመክሩም አሉ።

ቀስ በቀስ፦

እሙዬ፣ ከሁሉ በፊት ያንን የሚተረተር ገመድ አስቀምጪው። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ገመዱን ሁልጊዜ በመጠኑ ወጥሮ ስለሚይዘው ውሻው የላላ ገመድ ምን እንደሆነ አያውቅም። በዚያ ላይ በሳበ ቁጥር ይረዝምለታል፤ በየቀኑ መጎተት እንደሚያዋጣ እየተማረ ነው ማለት ነው። 32 ኪሎ ውሻ 5 ሜትር ተንደርድሮ ገመዱ ሲያልቅ የሚመጣው ንጥቂያም ለአንቺ ትከሻም ለእሱም አይበጅም። እጀታው ካመለጠሽ ደግሞ መሬት ላይ እየተንኳኳ ስለሚከተለው ደንብሮ ሊጠፋ ይችላል። ርዝመቱ የማይለወጥ፣ ከ1.8 እስከ 2 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ገመድ ይበቃል። ቢቻል በሁለቱም ጫፉ መንጠቆ ያለው ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

ማሰሪያው ለምን ሠርቶ ለምን አቆመ? ቀለበቱ ጀርባ ላይ ሲሆን ሸክሙ ደረቱ ላይ ተዘርግቶ ያርፋል፣ የሚቆረቁረው ነገር የለም፤ ጋሪ እንደተጠመደ እንስሳ ተመችቶት ይስባል። የባሰበት ለዚህ ነው። ቀለበቱ ደረቱ ላይ ሲሆን ግን ገመዱ ሲወጠር ሰውነቱን ወደ አንቺ ያዞረዋል፣ ቀጥ ብሎ የሚገፋበት ጉልበት ይበተናል። ጉልበቱን ይቀንሰዋል እንጂ ምንም አያስተምረውም። መጀመሪያ ላይ ስሜቱ እንግዳ ስለሆነበት ረጋ አለ፤ ጠመም ብሎ ቢስብም ያሰበበት እንደሚደርስ ሲገባው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ፦ ማሰሪያውን አትቀይሪ፣ ልኩንና አያያዝሽን አስተካክዪ። ማሰሪያው ክንድሽን ያሳርፍልሻል፤ ማስተማሩ ግን ያንቺ ነው።

ብብቱ መቅላቱ የልክ ችግር ይመስላል። ከፊት ሲታይ ማሰሪያው የባላ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል፦ ሁለቱ ክንፎች ከአንገቱ ግራና ቀኝ ወርደው የደረት አጥንቱ ላይ ይገናኛሉ፣ አንዱ ደግሞ በፊት እግሮቹ መካከል ያልፋል። በደረቱ ላይ አግድም የሚያልፈው ዓይነት ትከሻው ላይ ስለሚያርፍ የፊት እግሩን ወደፊት መዘርጋት ሊገድብበት ይችላል። በሆዱ ሥር የሚያልፈው ቀበቶ ከክርኑ ወደ ኋላ አራት ጣት ያህል መራቅ አለበት፤ ያንቺው ወደ ክርኑ ተጠግቶ በእያንዳንዱ እርምጃ ብብቱን እየፈተገው ሳይሆን አይቀርም። ጥብቀቱን ለመለካት በማንኛውም ቦታ ሁለት ጣት ተጋድሞ መግባት አለበት፤ ሦስት ከገባ ሰፍቷል። የላላ ማሰሪያ ገመዱ ከፊት ሲሳብ ወደ ጎን ይዞርና ቀለበቱ ከደረቱ ይሸሻል፣ ያኔ ጥቅሙም አብሮ ይጠፋል። ጨርቁ ከዘለበቱ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚንሸራተት በየሳምንቱ ለኪው። ቆዳው እስኪድን በዚያ ማሰሪያ ባታወጪው ይመረጣል።

ባለልጓሙ፦

ስለ አፍንጫው። ልጓም እንበለው እንጂ አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የለውም፣ አፍም አይዘጋም። ውሻው ያለከልካል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጉርሻ ይቀበላል፤ መንከስም ይችላል፣ ስለዚህ የአፍ መከደኛን አይተካም። የሚሠራው ራስ ወደዞረበት ሰውነት ስለሚከተል ነው፤ ለዚህም በትንሽ ኃይል ትልቅ ውሻ ይይዛል። አደጋውም ከዚያው ይመጣል፦ ያ ትንሽ ኃይል በድንገት ከመጣ አንገቱን ይጠመዝዘዋል። በልጓም መንጠቅ የለም፣ ረጅም ገመድ የለም፣ ተንደርድሮ ገመድ የሚጨርስበት ቦታም የለም። ገመዱ አጭር፣ ግን የላላ ይሁን።

ያሠቃየዋል ላልሽው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሠቃየው አገባቡ ነው። ገዝተው እዚያው አስረው ይወጣሉ፣ ውሻው አፍንጫውን መሬት ላይ ያሻሻል፣ በመዳፉ ይቧጥጣል፣ «አልወደደውም» ተብሎ ይጣላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀለበቱን በእጅ ከፍተሽ ያዢ፣ ጉርሻውን በወዲያኛው በኩል አሳዪው፤ አፍንጫውን ራሱ ያስገባ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ቀጥሎ አፍንጫው ላይ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ አሳርፈሽ አውልቂ፣ ቀስ በቀስ ወደ አሥር ሴኮንድ አድርሺው። ከዚያ የአንገቱን ዘለበት ቆልፊና ለግማሽ ደቂቃ ሳታቋርጪ አጉርሺው፤ ቀጥሎ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ገመድ የሚታሰርበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ውጭ መውጣት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቢሆን አልዘገየም። መቧጠጥ ከጀመረ ፈጥነሻል፣ አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመለሺ።

ልኩ፦ የአንገቱ ክፍል ከጆሮዎቹ ጀርባ ከፍ ብሎ ጠበቅ ይበል፣ አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። የአፍንጫው ቀለበት በተቃራኒው ላላ ይበል፤ እስከ አፍንጫው ጥቁር ጫፍ ይውረድ፣ ግን አይውለቅ። ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጦ ያስራል፦ አንገቱን አላልቶ አፍንጫውን ያጠብቃል፣ ከዚያ ማሰሪያው ወደ ዓይኑ ይወጣል። የገመዱን ሁለተኛ መንጠቆ ደረቱ ላይ ካለው ቀለበት ጋር አያይዢው፣ ቢያወልቀው እንኳ አያመልጥሽም። ፊታቸው ጠፍጣፋ ለሆኑ ውሾች አይሆንም።

እኔ የምለው፣ የደረቱ ማሰሪያ በትክክል ተለክቶ ካቃተሽ ብቻ ወደዚህ ነይ። በደንብ አስለምደሻቸውም የማይወዱት ብዙ ናቸው።

እሙዬ፦

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የሚተረተረው ቀርቷል። ሥልጠናውን በተመለከተ ግን፣ ገመዱ ሲወጠር ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ተመልሶ አጠገቤ ሲመጣ አጎርሰዋለሁ። አሁን ይጎትታል፣ ይመለሳል፣ ይበላል፣ እንደገና ይጎትታል። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ቀስ በቀስ፦

ያስተማርሽውን በትክክል ነው የሚሠራው! ለእሱ መጎተት የጉርሻው የመጀመሪያ እርምጃ ሆኗል። ቆሞ መጠበቁ አልከፋም፤ የተሳሳተው የጉርሻው ሰዓት ነው። ሲመለስ ወዲያው አትስጪው። ገመዱ ላልቶ ሦስት አራት እርምጃ አብሮሽ ከሄደ በኋላ ይብላ። ዋናው ጉርሻ ግን ገና ሳይጎትት በፊት መምጣት አለበት፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ውሻ በደህና ሲሄድ ዝም፣ ሲጎትት ትኩረት!

ቤት ውስጥ ጀምሪ። በግራሽ የሚሄድ ከሆነ ገመዱ በቀኝ እጅ፣ ጉርሻው በግራ እጅ ይሁን። አንድ እርምጃ፣ «ጎበዝ»፣ ጉርሻ። ቃሉ ይቅደም፣ እጅ ከዚያ ይንቀሳቀስ፤ አብረው ከሄዱ ውሻው እጅሽን እንጂ ቃሉን አያዳምጥም። ጉርሻውን ከሱሪሽ የጎን ስፌት አጠገብ ስጪው። ከፊትሽ ከሰጠሽው ነገ እየተሻገረ መንገድ ይዘጋብሻል። መጠኑ የአተር ፍሬ ያህል ይሁን፣ ለአሥር ደቂቃ ከ50 እስከ 80 ፍሬ ያስፈልግሻል፤ የዚያኑ ያህል ከቀን ምግቡ ላይ ቀንሺ።

አንድ እርምጃ አሥር ጊዜ ከተሳካ ወደ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ሂጂ። ሁልጊዜ ግን አትጨምሪ፤ አምስት፣ ሁለት፣ ሰባት፣ ሦስት እያልሽ ቀላቅዪው፣ አለበለዚያ ሥራው እየከበደ ብቻ እንደሚሄድ ይገባውና ይተዋል። ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ጭር ወዳለ መንገድ። አዲስ ቦታ በሄድሽ ቁጥር ከአንድ እርምጃ ጀምሪ፤ ቤት ያወቀውን ውጭም ያውቀዋል ብሎ ማሰብ ብዙ ሰው ያደክማል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከሳተ ደረጃው ከብዶታል። ውጭ ጉርሻ አልበላም ካለ ደግሞ ግትርነት አይደለም፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነው፣ ከረበሸው ነገር አርቂው። በቀን ሁለቴ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ገመዱ እስኪወጠር አትጠብቂ። ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው ሳትነጥቂ፣ ሳትቆጪ ዞር ብለሽ በሌላ አቅጣጫ ሂጂ፤ ሲደርስብሽ «ጎበዝ» በዪው። ገመዱን እጅ ላይ መጠቅለልም ይቅር። ጣት ይሰብራል፣ በዚያ ላይ ሳታውቂው ገመዱን ወጥረሽ ትይዢዋለሽ፣ ውሻ ደግሞ ሲሳብ መልሶ ይስባል።

ምግብ ብቻም አይደለም ጉርሻ። ማሽተት የሚፈልገው ዛፍ አለ? ሦስት እርምጃ በላላ ገመድ ከሄደ በኋላ «ሂድ» ብለሽ ወደ ዛፉ ውሰጂው። ከጎተተሽ ግን ዛፉ ይርቃል፣ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ትመለሳላችሁና እንደገና ትሞክራላችሁ። ለአንዳንድ ውሻ ይህ ከሥጋም ይበልጣል።

አሁን ወደ ባለሁለት መንጠቆው ገመድ፤ ይህ ማሰሪያው ከደረቱ ሌላ ጀርባው ላይም ቀለበት ካለው ነው። ማስተማር በማትችይበት ቀን፣ ስትቸኩዪ ወይም ዕቃ ስትይዢ፣ የጀርባውን ቀለበት ብቻ ተጠቀሚ። ስታስተምሪ የደረቱን። ውሻው ልዩነቱን ይለየዋል፤ የደረቱ ሲታሰር መጎተት አያዋጣም የሚለው ሕግ ሳይፈርስ ይቆያል። አንዳንዴ የሚያዋጣ መጎተት ሁልጊዜ ከሚያዋጣው ይልቅ ለማስተው ያስቸግራል።

የቤት እንስሳት ሐኪም፦

በሁለት ነገር ላይ ብቻ ልጨምር። ባለጥርሱ፣ የሚያንቀው ሰንሰለትና የኤሌክትሪኩ የአንገት ማሰሪያ የሚሠሩት በሕመም ወይም በሕመም ፍርሃት ነው። ውሻው ሕመሙን የሚያያይዘው ከመጎተቱ ጋር ላይሆን ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ከሚያየው ነገር ጋር ነው። ሌላ ውሻ አይቶ ሲስብ በተወጋ ቁጥር ሌላ ውሻ ማለት ሕመም ይሆንበታል፣ መጎተት የነበረው ወደ መጮህና መናከስ ይለወጣል። የኤሌክትሪኩን ዌልስ በ2010 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላዋለች። የእርስዎ ውሻ አሁንም ሌላ ውሻ ሲያይ ብቻ የሚፈነዳ ከሆነ ጉዳዩ የገመድ አይደለም፤ ርቀት ጠብቆ ለብቻው የሚሠራ ሥልጠና ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሳሉ ነው። ማሰሪያው አንገቱ ላይ ሲወጠር የአየር ቧንቧውን ይጫናል፣ የዓይን ውስጥ ግፊትም ይጨምራል። ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት የሚጨምርበት ሕመም) ያለበት፣ የአየር ቧንቧው ደካማ የሆነ ትንሽ ውሻ ወይም ፊተ ጠፍጣፋ ውሻ በአንገቱ መሳብ የለበትም። የደረት ማሰሪያ ከተደረገለትም በኋላ ካሳለ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ያስመርምሩት።

እሙዬ፦

አሁን ውሻ ሲያይ አይጮህም፣ ዝም ብሎ መጎተት ነው። ሳሉም በደረት ማሰሪያ የለም። የደረቱን ቀለበት መቼ ነው የምተወው?

ቀስ በቀስ፦

በለመደው መንገድ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ገመዱ አልፎ አልፎ ብቻ ሲወጠር። በአንዴ አትፍቺው። ሁለቱንም መንጠቆ አስረሽ በሁለት እጅ ያዢ፤ የጀርባው አጠር ብሎ ሥራውን ይሥራ፣ የደረቱ ላልቶ ይንጠልጠል፣ የምትነኪው ሲጎትት ብቻ ነው። በዚያ ሁኔታ ሌላ ሳምንት ሳትነኪው ከዋልሽ ፍቺው። አዲስ መንገድ ስትሄዱ መልሰሽ እሰሪው፣ ጉርሻውንም ከአንድ እርምጃ ጀምሪ።