የደንና የግጦሽ ሜዳ አፈር ባክቴሪያ ማወዳደር ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ለማስተርስ ጥናቴ ጎንደር ዙሪያ ካለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደንና ከአጠገቡ ካለ የግጦሽ ሜዳ 6፣ 6 የአፈር ናሙና ወሰድኩ። የደኑ አፈር ጥቁር ነው፤ የጽድ ቅጠል ተቀላቅሎበት በእጅ ሲያዝ ፍርፍር ይላል። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የማገኘው እዚያ መስሎኝ ነበር። የ16ኤስ ንባቡ (ባክቴሪያን ለመለየት የሚነበበው ዘረ መል) ሲመጣ ግን የሻነን መለኪያው (የዓይነቶችን ብዛትና ስርጭት የሚለካው) ለሜዳው አደላ።

ችግሩ፣ የደኑ ንባብ ብዛት የሜዳውን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ዲኤንኤውን ሳወጣም ፈሳሹ ቡናማ ነበር። ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድ ፒሲአሩን (ዲኤንኤውን የማባዛት ሥራውን) አፍኖት ይሆን? ንባቡን እኩል ቁጥር ላይ አውርጄ ላወዳድር ወይስ ዲኤንኤውን እንደገና ላጥራ? ደግሞስ ከአንድ ደን የተወሰደ 6 ናሙና እንደ 6 ራሱን የቻለ ድግግሞሽ ይቆጠራል? ይሄኛው እንቅልፍ ነስቶኛል። ሌሎች ደኖች መጨመር ካለብኝ ክረምቱ ሳይገባ ልወቀው። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ።