ዲፌንደር፦ የእጅ ፍሬን ተይዞ ክሪክ ላይ ለምን ይንሸራተታል?

የጣርማበር መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስወጣ የኋላ ግራ ጎማዬ ፈነዳ። ዳር ያዝኩ። ባትሪዬ ደካማ ስለሆነ ሞተሩን ማጥፋት ፈራሁ። ማርሹን ነፃ አድርጌ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ክሪኩ ጎማውን ከመሬት እንዳላቀቀው መኪናው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ክሪኩ ተጋደመ፣ መኪናው በፈነዳው ጎማ ላይ ወደቀና እዚያው ቆመ። ታናሽ ወንድሜ ድንጋይ ሊያስደግፍ ከኋላ ነበር። ለጥቂት ነው የተረፈው። ትዝ ባለኝ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል።

መካኒክ ጋ ወሰድኩት። «የእጅ ፍሬኑ ሸራ አልቋል» ብሎ ቀየረልኝ። ቤት ስደርስ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ የኋላዎቹን ሁለቱንም አነሳሁ። የእጅ ፍሬኑ ተይዟል። ግራውን በእጄ ሳዞረው ዞረ! ቀኙ ደግሞ በተቃራኒው ዞረ። ታዲያ ይህ ፍሬን የሚይዘው ምኑን ነው? ወይስ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻሉ ተበላሽቷል?

ባለ ፒካፕ፦

የኔ ላንድክሩዘር ፒካፕ የእጅ ፍሬኑ ከተያዘ የተነሳው የኋላ ጎማ ንቅንቅ አይልም። ያንተ ገና አልተስተካከለም። ገመዱን አስጠብቀው።

የድሮ መካኒክ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ወንድምህን አተረፈልህ። ገመዱን ለጊዜው አትንካው።

እንዳንተ ባለው በድሮው ዲፌንደር የእጅ ፍሬኑ ጎማ ላይ የለም። ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን) በስተጀርባ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በሚጀምርበት ቦታ ያለ አንድ ከበሮ ነው። የሚይዘው ዘንጉን ነው። ከዘንጉ በኋላ ደግሞ ዲፈረንሻል አለ። ዘንጉ ሲቆም ዲፈረንሻሉ ለሁለቱ ጎማዎች አንድ መንገድ ብቻ ይተውላቸዋል፤ አንዱ ወደ ፊት የዞረውን ያህል ሌላው ወደ ኋላ መዞር። ሁለቱም መሬት ላይ ከሆኑ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ መኪናው ይቆማል። አንዱን ስታነሳው ግን አየር ላይ የሚከለክለው የለም። መሬት ላይ ያለው ወደ ኋላ ሲንከባለል የተነሳው ወደ ፊት ይሽከረከራል። ያንተ መኪና የሄደው በዚህ ነው። ሲወድቅ የቆመውም ሁለቱ ጎማዎች እንደገና መሬት ስለነኩ ነው።

የፊቶቹስ? እንዳንተ ያሉት 110ዎች ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚነዱት። መሀል ላይ ሦስተኛ ዲፈረንሻል አለ። እሱ ካልተቆለፈና ማርሹ ነፃ ከሆነ፣ የእጅ ፍሬኑ የፊቱን ዘንግ አያገኘውም። እሱን ለመቆለፍ ትንሹን የማርሽ እጀታ ወደ ግራ ግፋው፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ካልበራ ጥቂት ነድተህ ሞክር። ያኔ የፊትና የኋላ ዘንጎች አንድ ይሆናሉ፣ ፍሬኑም ሁለቱን ይይዛል። የኋላ ጎማ ቢነሳም ሁለቱ የፊት ጎማዎች መኪናውን ያቆሙታል። ሞተር አጥፍቶ ማርሽ ማስገባት ከእጅ ፍሬን ጋር ይረዳል። የመሀሉ ዲፈረንሻል ሳይቆለፍ ማርሽ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በአንድ የተነሳ ጎማ በኩል ሁሉም ያመልጣል።

ባለ ፒካፕ ያልከው ለመኪናህ ልክ ነው። ያንተ ሸራ የኋላ ጎማዎቹ ከበሮ ውስጥ ነው። አንዱ ቢነሳ ሌላው መሬት ላይ ይይዛል። ሁለቱንም ካነሳህ ግን የእጅ ፍሬኑ ምንም አይዝልህም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው የሚጎዳው በዚህ ስለሆነ። የጎማ ቡሎን ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላላል። በዲፌንደር የተነሳውን ጎማ በመፍቻ ስትታገለው በዲፈረንሻሉ በኩል መሬት ላይ ያለውን ትገፋለህ። መኪናውን ከክሪኩ የምታወርደው ራስህ ነህ።

የጣርማበር መንገደኛ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። መብራቱ ጥቂት ከነዳሁ በኋላ በራ። የኋላ ግራውን አንስቼ ከወንድሜ ጋር ገፋነው። ትንሽ ወዝወዝ ብሎ ቆመ። ወዝወዝ ማለቱ ችግር አለው? የፊት ጎማ ስቀይርስ?

የድሮ መካኒክ፦

ወዝወዙ በዘንጎቹና በጥርሶቹ መሀል ያለው ክፍተት ነው። ፍሬኑ ከጎማው ስለሚርቅ የድሮ ዲፌንደሮች ሁሉ ላይ ትንሽ አለ። ክሪክ ግን ትንሽም ይበቃዋል። ስለዚህ ከማንሳትህ በፊት ጎማዎቹን በፊትም በኋላም ታኮ አድርግባቸው፤ ወንድምህም ከጎን ይሁን እንጂ ከኋላ አይቁም። የፊት ጎማ ስታነሳ ሁለቱ የኋላዎቹ መሬት ላይ ስለሆኑ ፍሬኑ ይይዛል። እኔ ግን ያኔም የመሀሉን ዲፈረንሻል እቆልፈዋለሁ።

የወጣውን ሸራ መካኒኩ ጋ ካገኘኸው እየው። ዘይት ከጠጣ ከትራንስፈሩ በስተኋላ ካለው የዘይት ማኅተም ዘይት እየፈሰሰ ነው፤ ማኅተሙ ካልተቀየረ አዲሱም ሸራ ይበላሻል።