ከጁፒተር ጋር አንድ ምህዋር ስለሚጋራው ሄክቶር፦ ለልጄ የሳይንስ ኤግዚቢሽን እርዳታ ፈልጌ ነበር

ጥያቄ፦ የቤተልሔም እናት (ባህር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። 8ኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። ትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል፤ የቀረን አስር ቀን ነው። ጓደኞቿ እሳተ ገሞራና የውሃ ማጣሪያ ይሠራሉ። የኔዋ «እኔ ሄክቶርን ነው የምሠራው» ብላ ድርቅ አለች። ሄክቶር ከጁፒተር ጋር በአንድ ምህዋር ሆኖ ፀሐይን የሚዞር ትልቅ ጥቁር አስትሮይድ ነው። ነገሩ የጀመረው ሉሲ ከምትባለው መንኮራኩር ነው። በእኛዋ ድንቅነሽ ስም የተሰየመች መንኮራኩር ወደነዚህ አለቶች እየሄደች እንደሆነ ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

ካርቶን ላይ ፀሐይን መሃል አድርገን ክብ ሳልን። ጁፒተርን ክቡ ላይ ለጠፍን። ሄክቶርን ከሱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ መጣና አይቶ «ታዲያ ጁፒተር ለምን ደርሶ አይውጠውም?» አላት። ዝም አለች። እኔም መልስ አልነበረኝም። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ገልብጣ አስደግፋ ተኛች።

የቸገረኝ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለምን አይጋጩም? ልጅ በሚገባው ቋንቋ ንገሩኝ። ሁለተኛ፣ አለቱን ራሱን በምን እንሥራው? ቅርጹና ቀለሙ ምን ይመስላል? ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ቴሌስኮፕ አለው፤ ሄክቶርን ልናይበት እንችላለን? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መልስ፦ መምህር ዘፊዚክስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለእህትዎ ልጅ ምስጋና ይገባዋል። የጠየቀው የነገሩን እምብርት ነው። ለቤቲም «አይዞሽ፣ ይህ ጥያቄ ታላላቅ ሊቃውንትንም አስጨንቋል» በሏት።

ቀላሉን ላስቀድም። ጁፒተር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሄክቶርም 12 ዓመት ገደማ ነው የሚፈጅበት። አንዱ ከሌላው ካልፈጠነ አይደራረሱም።

ከበድ ያለው ግን ስበቱ ነው። ጁፒተር ከፕላኔቶች ሁሉ ግዙፉ ነው። ጎረቤቱን ጎትቶ መረበሽ ነበረበት። እዚህ ላይ ላግራንዥ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ይመጣል። በ1772 (እ.ኤ.አ.) በወረቀት ላይ አስልቶ አንድ ነገር አገኘ። ፀሐይ፣ ጁፒተርና አንድ ትንሽ አለት ሦስቱም እኩል ተራራቁ እንበል። ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ትሪያንግል ሠሩ ማለት ነው። ያኔ የሁለቱ ስበት ተደምሮ አለቱን ከጁፒተር ጋር እኩል ለማዞር ልክ የሚበቃ ይሆናል፤ አይበዛም፣ አያንስም። እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት አለ። አንዱ ከጁፒተር 60 ዲግሪ ፊት ነው፣ ሌላው 60 ዲግሪ ኋላ።

በዚያ ዘመን እዚያ ምን እንዳለ ያየ ሰው አልነበረም። 134 ዓመት አለፈ። በ1906 ማክስ ቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ በሃይደልበርግ ሆኖ ሰማዩን ፎቶ ሲያነሳ አኪለስን አገኘ፤ አለቱ ልክ ፊተኛው ቦታ ላይ ነበር። በየካቲት 1907 ደግሞ አውጉስት ኮፕፍ እዚያው ሃይደልበርግ ሄክቶርን አገኘ። ዛሬ ከ10,000 በላይ እንዲህ ያሉ አለቶች ይታወቃሉ። ትሮጃን ይባላሉ። ከጁፒተር ትሮጃኖች ትልቁ ሄክቶር ነው።

ስለዚህ ካርቶናችሁ ላይ የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንዝሩ። ክቡን በኮምፓስ ከሳላችሁት የኮምፓሱን እግር ሳትነኩ መርፌውን ጁፒተር ላይ ትከሉት። እርሳሱ ክቡን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። ሁለቱ ቦታዎች እነሱ ናቸው። ጁፒተር ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ወደዚያ አቅጣጫ ከፊቱ ያለውን ነጥብ ያዙ፤ የሄክቶር ሰፈር ያ ነው።

ከቻላችሁ ግን ካርቶኑን ተዉትና በገመድ ሥሩት። 15 ሜትር ከ60 ገመድ ግዙ። ጫፍና ጫፉን ቋጥራችሁ ቀለበት አድርጉት። በየ5 ሜትር ከ20 በቀይ ክር ምልክት አድርጉበት። ሦስት ልጆች ሦስቱን ምልክት ይዘው ገመዱ እስኪወጠር ወደ ኋላ ይሂዱ። አንዷ ፀሐይ፣ አንዱ ጁፒተር፣ አንዷ ሄክቶር ናት። ፀሐይ ባለችበት ትዙር፤ ሁለቱ ገመዱን ሳያላሉ ይዙሯት። ማንም ማንንም አይደርስበትም።

ቁጥሩን እንዲያው አላመጣሁትም። በዚህ ልኬት 1 ሜትር ማለት ከፀሐይ እስከ መሬት ያለው ርቀት ነው። ፀሐይን የሆነችው ልጅ እጅ ላይ ተለቅ ያለች ሽምብራ አስቀምጡ፤ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ጁፒተር እጅ ላይ አንዲት የጤፍ ቅንጣት ይበቃል፤ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሄክቶርን የያዘችው ልጅ እጇን ባዶ ታሳይ። 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነው አለት በዚህ ልኬት ከዱቄት ብናኝ ያንሳል፤ በዓይን አይታይም። እኔ ክፍል ውስጥ ስሠራው ልጆቹ ዝም የሚሉት ባዶዋ እጅ ላይ ሲደርሱ ነው።

መልስ፦ ሰማይ ወዳጅ

ለሦስተኛው ጥያቄ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሄክቶር በትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ አይታይም። በጥሩ ጊዜው እንኳ ብርሃኑ ከ14ኛ እስከ 15ኛ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ይደበዝዛል። ጥርት ባለ ሌሊት ዓይናችን የሚችለው እስከ 6ኛ ድረስ ነው። ሄክቶር በዓይን ከምናየው ከመጨረሻው ደብዛዛ ኮከብ ከ1,500 ጊዜ በላይ ይደበዝዛል። 7 ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው ቴሌስኮፕ 12ኛን ማየት ከቻለ ጎበዝ ነው። ለሄክቶር 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ያለው ያስፈልጋል።

ግን ቤቲን ባዶ እጇን አትመልሷት። ጁፒተር ማታ ማታ አናት ላይ ከፍ ብሎ በሚታይበት ወቅት ወደ ውጭ ይዛችኋት ውጡ። በቴሌስኮፑ ጁፒተርንና አራት ጨረቃዎቹን ትይ። ከዚያ ዓይኗን ከቴሌስኮፑ ታንሳ። እጇን ዘርግታ ጡጫዋን ትጨብጥ፤ የተዘረጋ እጅ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ከጁፒተር ጀምራ ፕላኔቶች በሚሄዱበት መስመር ወደ ምሥራቅ ስድስት ሰባት ጡጫ ትቁጠር። የፊተኞቹ ሰፈር እዚያ አካባቢ ነው፤ ሄክቶርም ከነሱ ጋር። ባታየውም ወዴት እንዳለ በጣቷ ማሳየት ትችላለች። ለኤግዚቢሽኑ ዳኞች ይህን ብታሳይ ሸጋ ነው።

መልስ፦ ሸክላና ቀለም

የኔ ሙያ እጅ ሥራ ነው። ለልጆች ሞዴል ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ።

ሄክቶር ድቡልቡል አይደለም። ርዝመቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወርዱ የዚያ ግማሽ ነው። ሁለት አለቶች ቀስ ብለው ተጣብቀው የተሠራ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ድንች ጫፍ ለጫፍ አጣብቃችሁ ያያችሁትን ቅርጽ ሥሩ። 1 ሴንቲ ሜትር ለ10 ኪሎ ሜትር ብታደርጉት 40 በ20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ይታያል። ለማነጻጸር ከአዲስ አበባ ደሴ ያለው የመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ውስጡን በተጨማደደ ጋዜጣና በፕላስተር እሰሩት። ላዩን በዱቄት ሙጫ የተነከረ ጋዜጣ ሦስት አራት ጊዜ አልብሱት። በየመሃሉ ይድረቅ፤ ካልደረቀ ይሸታል። እርጥብ እያለ በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ ጎድጎድ አድርጉበት።

ቀለም አትግዙ። ከሰል ውቀጡ፣ በወንፊት ንፉ፣ ትንሽ ቀይ አፈር ቀላቅሉበት። ሙጫ ቀብታችሁ ላዩ ላይ ነስንሱት። ሄክቶር ከሚያርፍበት ብርሃን መልሶ የሚሰጠው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ጥቁረቱም ወደ ቀይ ያደላል። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ከቀባችሁት ግን ልክ አይሆንም፤ የተቀባ ጫማ ይመስላል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ነጭ ወረቀትና ከሰሉን ጎን ለጎን በስልክ ባትሪ አብሩባቸው። ወረቀቱ ፊታችሁን ያበራዋል። ከሰሉ ብርሃኑን ውጦ ዝም ይላል። ይህችን ሙከራ ዳኞቹ ፊት ትድገማት።

ጨረቃውንም አትርሱ! ሄክቶር 12 ኪሎ ሜትር የምትሆን ጨረቃ አለችው። በ2006 ሃዋይ ባለው ኬክ ቴሌስኮፕ ነው የታየችው፤ ስሟ ስካማንድሪዮስ ነው። በዚህ ልኬት አንዲት ባቄላ ናት። ከአለቱ መሃል 62 ሴንቲ ሜትር ርቃ በቀጭን ሽቦ ትቁም።

መልስ፦ አንባቢው

አንድ ነገር ልጨምር። ሄክቶር በግሪኮች ተረት የትሮይ ከተማ ጀግና ነው። ስለዚህ የትሮይ ሰዎች ባሉበት፣ ከጁፒተር ኋላ ባለው ቡድን ቢለጠፍ ነው የሚሻለው።

መልስ፦ ሰማይ ወዳጅ

ወንድሜ፣ በዚህ ስንቱ ተሳስቷል! ፊተኛው ቡድን የግሪኮች ሰፈር፣ ኋለኛው የትሮይ ሰፈር ይባላል፤ እስከዚህ ልክ ነህ። ግን ይህ ልማድ የጸናው ሄክቶር ስም ከወጣለት በኋላ ነው። ስለዚህ ሄክቶር በጠላቶቹ ሰፈር ቀረ፣ ግሪኩ ፓትሮክለስ ደግሞ በትሮይ ሰፈር። ተረቱን ለሚያውቅ ግራ ቢያጋባም ትክክሉ ይህ ነው። እህቴ፣ ፊት ላይ ለጥፉት።

መልስ፦ አንባቢው

አመሰግናለሁ፣ ተምሬያለሁ።

የቤተልሔም እናት

ምን ብዬ ላመስግናችሁ! ገመዱን ገዝተን ዛሬ ግቢ ውስጥ ሞከርነው። ቤቲ ሄክቶር ሆነች፣ የእህቴ ልጅ ጁፒተር፣ እኔ ሽምብራዬን ይዤ ፀሐይ ሆንኩ። ጁፒተራችን ቶሎ ቶሎ እየሮጠ ሊይዛት ሞከረ። ገመዱ ላላ፤ ቤቲ ተቆጣች። ከዚያ ግን እሱ ራሱ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «እሺ፣ ሄክቶርን የሆነ ነገር ትንሽ ቢገፋውስ? ገመድ የለውም እኮ!» አለ። እንደገና ዝም አልን።

ሌላው ደግሞ፣ ቤቲ ጽሑፏ ላይ «ሉሲ ወደ ሄክቶር እየሄደች ነው» ብላለች። ልክ ናት?

መልስ፦ መምህር ዘፊዚክስ

ይህ ልጅ ኤግዚቢሽኑ ላይ ከቤቲ ጎን ይቁም፤ ዳኞቹ የሚጠይቁትን ቀድሞ እየጠየቀ ነው።

ሄክቶር እንደ ገመዱ ድርቅ ብሎ አይቆምም። በነጥቡ ዙሪያ ይዋልላል። የሩጫ ሜዳን መም አስቡ። ሄክቶር ወደ ኋላ፣ ወደ ጁፒተር ቀረብ ቢል ጁፒተር ይጎትተዋል። የተጎተተ አለት ወደ ውስጠኛው መም ይገባል። ውስጠኛው መም ለፀሐይ የቀረበ ነው፤ እዚያ ያለ ሁሉ ቶሎ ይዞራል። ስለዚህ ሄክቶር ይፈጥንና ከጁፒተር ይርቃል። እዩት፤ ጁፒተር ስለጎተተው ነው ያመለጠው! በጣም ከራቀ ደግሞ የሁለቱ ስበት ተደምሮ ወደ ውጭኛው መም ያወጣዋል። እዚያ ይዘገያል፣ ጁፒተርም ይቀርበዋል። ትሮጃኖች እንዲህ ሄደው ለመመለስ 150 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል።

ይህ የሚሠራው ግን ፀሐይ በጣም ከባድ ስለሆነች ነው። ትልቁ ከመካከለኛው ቢያንስ 25 ጊዜ ያህል መክበድ አለበት። ፀሐይ ከጁፒተር 1,000 ጊዜ ያህል ትከብዳለች፤ ተርፏት ነው።

መልስ፦ ሰማይ ወዳጅ

ጽሑፉ ይታረም። ሉሲ በጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) ተመጠቀች፤ ሄክቶር ግን ከምትጎበኛቸው ውስጥ የለም። በዕቅዱ መሠረት መጀመሪያ የምትደርስበት ትሮጃን ዩሪባተስ ነው፣ በነሐሴ 2027። ፓትሮክለስ ጋ የምትደርሰው በ2033 ነው።

ቤቲ ግን ከዚህ የሚበልጥ የምትጽፈው አላት። ሉሲ በጉዞዋ ላይ መጀመሪያ ያለፈችበት አስትሮይድ ስሙ ድንቅነሽ ነው! ወርዱ 790 ሜትር ገደማ ነው። ትሮጃን አይደለም፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ካለው ቀበቶ ነው። በኅዳር 1 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ስታልፈው ከጎኑ ማንም ያላወቃት ጨረቃ ተገኘች። ጨረቃዋ ራሷ ሁለት አለት ተነካክተው የተሠራች ናት። ሰላም ተባለች፤ ዲኪካ ላይ በተገኘችው ሕፃን ስም። መንኮራኩሯ ሉሲ የተባለችውም እንዲያው አይደለም። ድንቅነሽ ስለ ሰው አመጣጥ እንደነገረችን፣ እነዚህ ጥቁር አለቶችም ፕላኔቶች ሲሠሩ የተረፉ ናቸውና ስለዚያ ዘመን ይነግሩናል ተብሎ ነው።

የቤተልሔም እናት

ሰላምን ስነግራት ካርቶኑን ግድግዳው ላይ መልሳ አዞረችው። አሁን ከሰል እየወቀጠች ነው፤ ቤቱ ጠቁሯል። አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ፦ የባቄላዋ ሽቦ እየተወዛወዘ አስቸገረን።

መልስ፦ ሸክላና ቀለም

ሽቦውን አለቱ ላይ አትሰኩት፤ ጋዜጣው አይችለውም። በአለቱ ሆድ አሳልፋችሁ ከታች ጣውላው ላይ በምስማር እሰሩት። ባቄላዋንም ከሰል ቀቧት።