ክርክር፦ ጣና ላይ ማታ የሚሄድ ጀልባ ፓውዛው ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ጉዳዩ ይህ ነው። ባሕር ዳር ከሚሠሩት ጀልባዎች አንዳንዶቹ ማታ የሚያበሩት አፍንጫቸው ላይ የታሠረ አንድ ፓውዛ ብቻ ነው። እሱ ተነሥቶ ጣሪያ ላይ ነጭ፣ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ መብራት መግጠም ግዴታ ይሁን?

በያጁ፦ ግዴታ ይሁን። ከፊት የሚመጣው ሰው ፓውዛውን ሲያይ ዓይኑ ይጠፋል እንጂ ጀልባው ወዴት እንደሚሄድ አይለይም። ከኋላ ያለው ደግሞ ጭራሽ ምንም አያይም። ቀይ ያየ የጀልባውን ግራ እያየ ነው፣ አረንጓዴ ያየ ቀኙን። ሁለቱን አንድ ላይ ካየ እየመጣበት ነው። አውሮፕላንም ክንፉ ጫፍ ላይ ይህንኑ ይዞ ነው የሚበረው።

የዘጌ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የደንገሏን ታንኳ ረሳሃት። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ዝቅ ሲል ከውሃው በላይ የሚታየው የቀዛፊው ትከሻና ራስ ነው። ሳይነጋ መረቡን በሚያነሣ ሰው ላይ ሞተር ጀልባ ሲመጣበት ቀይና አረንጓዴ ምን ይጠቅመዋል? ነጂው ካላየው አለቀለት። ፓውዛው ይነሣ ማለት በድሃው ላይ መፍረድ ነው።

በያጁ፦ ይጣል አላልኩም፣ ቦታው ይቀየር ነው። አፍንጫው ላይ ሲሆን ብርሃኑ ነጭ የተቀባውን ብረትና የሚረጨውን ውሃ መትቶ ወደ ነጂው ዓይን ይመለሳል። ዓይን ጨለማውን በደንብ መልሶ እስኪለምድ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ታንኳውን የሚሰውረው ይኸው ነው። ፓውዛው ጣሪያው ፊት ጠርዝ ላይ ይውጣ፣ ብርሃኑ አፍንጫው ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ ላሜራ ይደረግለት፣ ማብሪያውም ለብቻው ይሁን። ዳር ሲቃረቡ ወይም ታንኳ ሲጠረጠር ብቻ ይብራ።

ነጩ በቱቦላሬ ይቁም፤ ከ12 ሜትር ያነሰ ጀልባ ላይ ከቀይና አረንጓዴው ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የባንዲራ ዘንግ አጠገብ አይሁን፣ ይጋርደዋል። ቀይና አረንጓዴው ከፊት ጀምሮ ወደየጎናቸው 112.5 ዲግሪ ብቻ ነው የሚያበሩት፤ በውስጥ በኩል ብርሃን በማይመልስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ላሜራ ይከልላቸው። ለባጃጅ ጌጥ የሚሸጠው ባለቀለም መብራት አይሆንም፤ ዙሪያውን ስለሚያበራ ግራና ቀኙን ያምታታል። ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ቀጭኑ 0.5 ባለ 25 ዋት አምፖል ሲሸከም፣ 10 ሜትር ሄዶ እስኪመለስ 1.5 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ከ12 ቮልት ያ ሲጎድል መብራቱ ይፈዝዛል። ኤልኢዲ ከሆነ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ኔጋቲቩን በብረቱ ገላ አትመልሱት፣ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይግባ። መገናኛውን በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው ደግሞ ውሃ መጋበዝ ነው።

የጀልባ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፦ ይህ የ1972ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ነው። የተጻፈውም ለባሕርና የባሕር መርከብ ለሚደርስበት ውሃ ነው። ጣና ላይ ከባሕር የሚመጣ መርከብ የለም። ሳንገደድ ማኅበሩ ለምን ያወጣል?

አስጎብኚ፦ ደንቡ ባይደርስብንም የሚከለክለን ነገር የለም። ከክብራን ገብርኤል አመሻሽ ላይ የሚመለሰው መንገደኛ ሕይወት ከአንድ መብራት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የዘጌ ልጅ ላነሣውም እዚያው መልስ አለ፤ በመቅዘፊያ የሚሄድ ነጭ የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ አዘጋጅቶ ግጭት ሳይደርስ በጊዜ ያሳይ ይላል።

የዘጌ ልጅ፦ ሁለት እጁ መቅዘፊያ ላይ ነው፣ በየትኛው እጁ ያሳይ? ግንባሩ ላይ ቢያስረውም መረቡን ሊስብ ሲጎነበስ ብርሃኑ ታች ይወርዳል።

በያጁ፦ እንዲያ ከሆነ ውሃ የማይገባው ትንሽ ነጭ ኤልኢዲ ከኋላው፣ ከራሱ ከፍ ባለ ዘንግ ጫፍ ላይ ይታሠር። የራሱን ዓይን አይወጋም፣ ሲጎነበስም አይሰወርም።

የዘጌ ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን የታንኳውን መብራት ማኅበራቱ ይግዙለት። እሱ ሳይታደል የጀልባው ፓውዛ እንዲነሣ አልስማማም።

የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፦ የራሳችንን ጀልባ መብራት እንችላለን። የታንኳውን ግን ማኅበር ብቻውን አይችለውም፣ ከመንገደኛው ትኬት ላይ ይታሰብ።